የአደባባዩ ተራ



ከአዲስ አበባ በአሮጌው አስፋልት ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ካርታ ቢይዝ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላው ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችን ያገኛል፤ ደብረ ዘይትንና ናዝሬትን። ሁለቱንም ስም ያወጣው መንግሥት ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ የጣቢያ መንደር ነበረች፤ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ክርስቶስ ያደገበትን ከተማ ስም ሰጧት። ቢሾፍቱም በ1940ዎቹ መገባደጃ ደብረ ዘይት ተባለች። ስሞቹ በጣቢያው ግድግዳ፣ በፖስታው ማኅተም፣ በትምህርት ቤቱ ሰርተፊኬት ላይ ታተሙ። በ1990ዎቹ ደግሞ የቀደሙት ስሞች በይፋ ተመለሱ። ዛሬም መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ የተሳፋሪውን ፊት እያየ አንዴ «አዳማ!» አንዴ «ናዝሬት!» ይላል፤ ሒሳቡ ያው ነው።

ስለ በዓልና ስለ አደባባይ ሲነሳ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ደመራው፣ ወደ ታቦቱ፣ ወደ ኢድ ሶላቱ ወይም በስታዲየም ወደሚደረገው የወንጌል ጉባኤ ይሮጣል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሕዝብ መሬት ላይ የእምነት ምልክት ሲተክልና ሲነቅል የኖረው ግን መንግሥት ነው። የከተማ ስም ከየትኛውም ፖስተር በላይ ይታያል፤ ተራ አይጠብቅም፣ በዓሉ ሲያልፍም አይወርድም። «ሃይማኖት ከአደባባይ ይውጣ» የሚለውም ሆነ «አደባባዩ የእኛ ነው» የሚለው ሰው ከአዳማ ታሪክ ጋር ሲገናኝ የሚቸገረው ለዚህ ነው።

ስሞቹ የተሰጡበት ዘመን የሚመራበት ሕግ ነበረው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ቁጥሩ የበዛ ሙስሊም፣ አብሮትም ክርስቲያን ወዳጁ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ የእስልምና በዓላትም በአገር ደረጃ ይታወቁ አለ። ብዙም ሳይቆይ ዙፋኑ ወደቀ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ በዓላት አዋጅ ቁጥር 16 ኢድ አል ፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ከገና፣ ከጥምቀት፣ ከፋሲካና ከመስቀል ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ አስገባቸው። ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። ለሙስሊሙ በዓል በካላንደሩ ላይ ቦታ የሰጠውም፣ ጥቂት ቆይቶ የማንንም አምላክ የማይቀበል ርዕዮተ ዓለም በአደባባይ የሰቀለውም ያው ዙፋኑን የተካው ደርግ ነው።

ኢትዮጵያ የኢ-አማኒ ማሳያ በአደባባይ አይታ አታውቅም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይታለች፤ ያየችውም በትንሹ አልነበረም። የመስቀል አደባባይ ስሙ ተለውጦ አብዮት አደባባይ ሲባል የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ሥዕል በግዙፍ ሰሌዳ በላዩ ተተከለ። በዓመት አንድ ጊዜ ደመራ ይለኮስበት የነበረው ስፍራ መስከረም 2ን የሚያከብር የሰልፍ ሜዳ ሆነ። ኅዳር 1976 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አጠገብ ቆመ፤ ግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት ከመሠረቱ ተነቀለ። ያ ማሳያ የጥቂት የማያምኑ ዜጎች ድምፅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሌላ ዓይን በታየ ነበር። የመንግሥት ድምፅ ሆኖ፣ እምቢ ማለት በማይቻልበት ዘመን መምጣቱ ግን በኢትዮጵያ «እምነት የለኝም» የሚለውን ቃል ራሱን የካድሬ ጠረን አስያዘው። እስከ ዛሬ አለቀቀውም።

አዳማ ይህን ዘመን የምታውቀው ከሥዕሉ ይልቅ በተዘጋው በር ነው። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ሜኖናይት ሚሲዮናውያን በናዝሬት ሆስፒታል ያካሂዱ ነበር፤ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ይባል የነበረው ያ ሆስፒታል ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ነው። በ1950ዎቹ በከተማዋ ተማሪዎች መካከል «የሰማይ ብርሃን» የሚባለው የጸሎት እንቅስቃሴ ተነሣ፤ ከሚሲዮኑ ከተወለደችው ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋርም ተቀላቀለ። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኗን ዘጋ። ሕንፃዎቿን ወረሰ፣ የናዝሬቱን መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ወሰደ፣ መሪዎቿን አሰረ። ምእመኑ ሰሌዳም፣ ደወልም፣ በዓልን በዓል የሚያስመስል አንዳች ነገርም ሳይኖረው ለዓመታት ቤት ለቤት፣ በትንንሽ ቡድን፣ መዝሙሩን በለሆሳስ እያለ ቆየ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ያህል የነበረው የአባላት ቁጥር በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። አደባባዩን ሙሉ ለሙሉ የያዘው ርዕዮተ ዓለም ደርግ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ፤ ምንም አደባባይ ያልነበረው ጉባኤ ስድስት እጥፍ አደገ። ምልክትን ከሕዝብ ዓይን ማጥፋት እምነቱን ያዳክማል ብሎ ለሚያስብ ባለሥልጣን የናዝሬት ሳሎኖች ያን ጊዜ መልስ ሰጥተውታል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነገሩን በሦስት አንቀጾች ያስረዋል። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን ለብቻው ወይም ከሌሎች ጋር፣ በይፋም ሆነ በግል የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ ያርፋል። ሦስቱ አንቀጾች በወረቀት ላይ በሰላም ይኖራሉ። የሚጋጩት አንድ አደባባይ ላይ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ወገን ድንኳን ሊተክል ሲመጣ ነው። ያን ቀን ማን ቅድሚያ እንዳለው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚያጸዳ ከእነዚህ አንቀጾች አንዱም አይናገርም። ሊናገርም አይጠበቅበትም፤ ያ የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። የዚህ ዲስኩር ክርክርም እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የሚጣላው ምልክት ስለታየ ሳይሆን ተራው ስላልተጻፈ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ከአዳማ ብዙ የማይርቅ ስፍራ አለ፤ የቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሐይቁ አፋፍ ነጭ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። እናቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ከፊት ይወጣሉ፤ አባ ገዳዎች ቦኩ የተባለውን በትረ ሥልጣን ጨብጠው ይመርቃሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ እርጥብ ሣርና ቢጫ የመስከረም አበባ በእጁ ይዞ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ሣሩን ይነክራል፣ ራሱን ይረጫል፣ አጠገቡ ያለውንም ይረጫል። ጨለማው ክረምት አልፎ ብርሃን ስለመጣ ለዋቃ (ለፈጣሪ) የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ኢሬቻ። ከሳምንት በፊት በደመራው ዙሪያ የታሰረው አበባም ያው ቢጫ አበባ ነበር።

ኢሬቻ ሃይማኖት ነው ወይስ ባህል? የዋቄፈና፣ የነባሩ የኦሮሞ እምነት፣ ተከታይ ሃይማኖቴ ነው ይላል፣ እውነቱን ነው። በርካታ ክርስቲያንና ሙስሊም ኦሮሞ እንደ ማንነቱ በዓል ያየዋል፣ እሱም አልተሳሳተም። በየእምነቱ ምእመናቸውን ከሐይቁ የሚከለክሉ ሰባኪዎች አሉ፤ እነሱም በበኩላቸው ነገሩን እንደ ሃይማኖት ስለሚቆጥሩት ነው የሚከለክሉት። መንግሥት ለበዓሉ መንገድ ሲዘጋ፣ መድረክ ሲሠራ፣ በጀት ሲመድብ ባህል በሚለው ስም ይሻገራል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ መስፈሩም ለዚህ አጠራር ጉልበት ሰጥቶታል። ይሁንና መስቀል በ2006፣ ጥምቀትም በ2012 በዚያው የዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ባህል የሚለው መዝገብ ሁሉንም በእኩል ካቀፈ፣ አንዱን በባህልነቱ አቅርቦ ሌላውን በሃይማኖትነቱ ማራቅ ለማንም አሳማኝ አይሆንም።

ፈረንሳይም በዚህ ጥያቄ ተወጥራለች። ሃይማኖትና መንግሥትን በ1905 እ.ኤ.አ. የለየች አገር ናት። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ግን በገና ሰሞን የቤተልሔምን ግርግም በመግቢያቸው ያስቀምጣሉ። የአገሪቱ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ ግርግሙ ጊዜያዊ ከሆነ፣ ባህላዊ ወይም ኪነ ጥበባዊ ወይም የበዓል ድምቀት ይዘት ካለው፣ ለአንድ እምነት እውቅና መስጠትም ካልሆነ ይፈቀዳል አለ። አካባቢው ከቀድሞ ጀምሮ ልማዱ መሆን አለመሆኑም ይታያል። ዳኞቹ «ባህል» የሚለውን መጠሪያ በቀላሉ አልተቀበሉትም፤ ሁኔታውን አንድ በአንድ ጠየቁ። በእኛ አገር የጎደለው ይህ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው።

ወደ ሆራ እንመለስ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠቡ የተነሣው በሣሩም፣ በውኃውም፣ በዋቃም አልነበረም። በመድረኩ ነበር። በኦሮሚያ የተቃውሞ ዓመት ውስጥ፣ ማን ምርቃቱን ይስጥ፣ ማይክሮፎኑን ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ ሕዝቡን አስቆጣ፤ ወጣቶች ክንዳቸውን አጣምረው ወደ ላይ አነሡ፣ አንድ ወጣት ማይክሮፎኑን ይዞ የተቃውሞ መፈክር አሰማ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ የተኩስ ድምፅ ተሰማ፣ ሕዝቡ ሲሸሽ ከኋላው የነበረው ጥልቅ ጉድጓድ ዋጠው። መንግሥት 55 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ፤ የመብት ተሟጋቾችና ተቃዋሚዎች ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ። በዓመቱ፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሥርዓት የማስከበሩ ነገር መሣሪያ ለሌላቸው ወጣቶች ተሰጠ፣ መድረኩም ለአባ ገዳዎች ተተወ፣ በዓሉም በሰላም አለፈ። ሕዝቡ ያው፣ ሐይቁም ያው ነው። የተለወጠው መድረኩን የያዘው አካል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት የሆራ ፊንፊኔ ኢሬቻ በአዲስ አበባ መሐል ተከበረ፤ እሑዱ እንደ ወትሮው የቢሾፍቱ ሆነ። ቅዳሜና እሑድ መከፋፈላቸው ቀላል ነገር ይመስላል። ተራ ማለት ግን ይኸው ነው፤ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ቦታው የታወቀ፣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሾፌሩ ሁሉ የሚያውቀው።

ስለ ጥምቀት ሲነገር ከአስፋልቱ መጀመር ይሻላል። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታት ሲወጡ ወጣቶች ከፊት ለፊት ቀይ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ምንጣፉ አጭር ነው። ካህናቱ ከረገጡት በኋላ ከኋላ ያሉት ወጣቶች ጠቅልለው በትከሻቸው ይሸከሙና በሕዝቡ መሐል እየተሹለከለኩ ወደ ፊት ሮጠው እንደገና ይዘረጉታል፤ ጥቂት ሜትር ምንጣፍ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍነው እንዲህ ነው። ሌሎች ደግሞ ከፊት እየጠረጉ፣ ውኃ እየረጩ፣ ቄጤማ እየበተኑ ይሄዳሉ። መንገዱ ለሰዓታት መቅደስ ይሆናል፤ ማታ ደግሞ ባጃጁ ይመለስበታል።

አስፋልቱ ላይ ጠብ የለም ለማለት ይቻላል። ጠቡ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ቀን ታቦት የሚያድርበት ሜዳ በቀረው ጊዜ የልጆች ኳስ ሜዳ፣ የከብት መዋያ፣ ወይም ባዶ መሬት ነው። ከተማው ሲሰፋ የመሬቱ ዋጋ ይንራል፤ ባለሀብት ያየዋል፣ ወጣት ማኅበር ያየዋል፣ ሌላ እምነትም የአምልኮ ስፍራ ሲጠይቅ ያየዋል። ምእመኑ ደግሞ «አያቶቼ የተጠመቁበት ነው» ይላል፤ ካርታ አምጣ ሲባል ካርታው የለም። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ሁሉም በፍጥነት እያደጉ ስለሆነ የነገ ጭቅጭቅ ያለው በእነዚህ ሜዳዎች ላይ ነው። አዲስ አበባ በባሕረ ጥምቀቷ በጃን ሜዳ ቀምሳዋለች። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የአትክልት ተራው ገበያ ለጊዜው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጊዜያዊው ነገር ወራት አልፎት ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው በብስባሽና በጭቃ ተሞልቶ ተገኘ። ብዙ ጉትጎታ ከተደረገ በኋላ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ ምእመናንም አካፋና መጥረጊያ ይዘው ወጥተው የ2013ቱ ጥምቀት ደረሰ። በዚያ ጉዳይ ክፉ ሐሳብ የነበረው ወገን አልነበረም። ገበያው መቼ እንደሚወጣ ቀን ቆርጦ የጻፈ ሰው ግን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሌላ ፈተና መጣ። የረመዳን ወር ሊያልቅ ሲል በመስቀል አደባባይ ታላቅ የጎዳና ኢፍጣር ተጠራ። ስፍራው በግንባታ ላይ ነበር። ግንቦት 1 ሊካሄድ የታሰበው ቀረ፣ ብዙ ቅሬታ ተሰማ፣ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ግን ተካሄደ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአስፋልቱ ላይ በረድፍ ተቀምጦ በአንድ አዛን አፈጠረ። አንዳንድ ኦርቶዶክሳውያን ስፍራው በስሙም በታሪኩም የመስቀል ነው ብለው ተከፉ። አንዳንድ ሙስሊሞች የከተማው ነዋሪ ሆነን ሳለ ፈቃድ ለኛ ሲሆን ለምን ይጠፋል ብለው ተከፉ። ሁለቱም ቅሬታ ሥር አለው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ከደመራው ነው፤ መሬቱ ደግሞ የከተማው ነው። በዓሉ በየዓመቱ መስከረም 16 ያንን ስፍራ ማንም ሳይነካበት ማግኘት አለበት፤ ይህ መብት ግን የቀሩትን ቀናት ሁሉ አይጨምርም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በደንብ ውስጥ መጻፍ ሁለት ቀን የፈጀውን ውጥረት ሊያስቀር ይችል ነበር።

ሌላው ጫፍ ምን እንደሚመስል አሜሪካ ታሳያለች። በካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሕር ዳር ባለው የከተማው መናፈሻ የልደትን ታሪክ በ14 ዳሶች ያሳዩ ነበር። ከብስራት እስከ ሰብአ ሰገል፣ ሰዉ በእግሩ እየሄደ የሚያነበው ታሪክ ነበር። ኢ-አማኒዎች እኛም ቦታ ይሰጠን አሉ። ከተማው ቦታውን በዕጣ አደረገ። በ2011 ዕጣው ሲወጣ ከ21 ቦታዎች 18ቱን ኢ-አማኒዎች አገኙ፤ ለክርስቲያኖቹ ሁለት፣ ለአይሁድ አንድ ደረሰ። ኢ-አማኒዎቹ ካገኙት ቦታ አብዛኛውን ባዶ ተዉት። ጭቅጭቁ ሲብስ ምክር ቤቱ በ2012 ጠባቂ የሌለው ማሳያ ሁሉ በመናፈሻው እንዳይቆም ከለከለ፤ ፍርድ ቤትም ክልከላውን አጸደቀለት። ሕጉ እኩል ነው፤ ለማንም የለም። እንዲህ ያለው እኩልነት አዳማ ላይ ቢታወጅ ጥምቀትም፣ ኢድም፣ ኢሬቻም በአንድ ቀን ሕገ ወጥ ይሆናሉ፤ ማንም አያከብረው፣ ማንም አያስከብረው።

ዕጣም ቢሆን ለኛ አይሆንም። የእኛ በዓላት ቀናቸው የተለያየ ነው፤ ዕጣ የሚያስፈልገው ሁሉም በአንድ ሰሞን ሲጎርፍ ነው። ካላንደሩ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ያለው የዝቋላ ተራራ ለዚህ የቆየ ምሳሌ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በዓል ለማክበር ምእመን ወደ ገዳሙ ይወጣል፤ በዙሪያው ያለው ኦሮሞም ተራራውንና አናቱ ላይ ያለውን ሐይቅ በራሱ ሥርዓት ሲያከብረው ኖሯል። ሁለቱ ልማዶች በአንድ ተራራ ላይ ለዘመናት ተጎራብተዋል።

ከአሜሪካ መቀበል ያለብን ግን አንድ ነገር አለ። በፒትስበርግ ጉዳይ በ1989 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፍርድ ቤት ሕንፃ ዋና ደረጃ ላይ ብቻውን የቆመውን ግርግም ከለከለ፤ በሌላ የመንግሥት ሕንፃ ደጅ ከገና ዛፍ ጎን የቆመውን የአይሁድ መቅረዝ ግን ፈቀደ። የሚታየው ጥያቄ መንግሥት በራሱ አፍ ይናገራል ወይስ ሌሎች እንዲናገሩ ስፍራ ይሰጣል የሚለው ነው። በቦስተን የባንዲራ ክርክርም በ2022 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ የወሰኑት በዚሁ መስመር ነው፤ ከተማው ምሰሶውን ለማንም ሲያበድር ቆይቶ የክርስቲያን ባንዲራ ሲመጣ ብቻ እምቢ ማለት አልነበረበትም።

በዚህ መለኪያ የእኛን ከተሞች ብናያቸው ትልቁ አጥፊ ምእመኑ አይደለም። በአዳማ ባጃጅ የኋላ መስታወት ላይ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ «ማሻአላህ»፣ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ተለጥፎ ይሄዳል። ያ የባለቤቱ ነው፤ መንገዱ የጋራ ቢሆንም መስታወቱ የግል ነው። ሆቴሎች ታኅሣሥ ሲገባ የሚያቆሙት የፕላስቲክ ገና ዛፍም፣ ጥጥ በረዶ ሆኖለት በቆላ ሙቀት ቢያስቅም፣ ንግድ ነው። ትችት የሚገባው በከተማው ዋና መንገድ ላይ በሕዝብ ገንዘብ የሚሰቀለው የእንኳን አደረሳችሁ ሰሌዳ ነው። በዓሉ የአንድ እምነት፣ ገንዘቡ የሁሉም፣ መሐል ላይ ያለው ፎቶግራፍ የባለሥልጣኑ። በየበዓሉ ይለዋወጣል፤ ፎቶግራፉ ግን ያው ነው። አንቀጽ 11ን የሚፈትነው ይህ ሰሌዳ እንጂ የአማኙ ምንጣፍ አይመስልም።

ድምፅም ማሳያ ነው፣ ዓይን ጨፍነው የማያመልጡት። በአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ለቅዳሴውም፣ ለአዛኑም፣ ለሌሊት ጸሎቱም፣ ለጭፈራ ቤቱም አንድ ነው። ተለክቶ የሚከበረው ግን አንድ ጎረቤት ሲከስስ ብቻ ስለሆነ ሁሉም የሚመለከተው ሕጉን ሳይሆን ከሳሹ የየትኛው እምነት እንደሆነ ነው።

ሻሸመኔ ደግሞ የራሷ የሆነ ነገር አላት። በ1940 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ የዓለም ጥቁሮች ሁለት መቶ ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ከካሪቢያን የመጡ ራስታዎች ሰፈሩበት። ሐምሌ 16 የንጉሡን ልደት፣ ጥቅምት 23 ንግሣቸውን በከበሮና በዝማሬ ያከብራሉ፤ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ላይ የይሁዳ አንበሳ ያለበትን ባንዲራ ይዘው። ይኸው ባንዲራ ለእነሱ የእምነት ምልክት ነው። የአገሪቱ የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ዓርማ የሌለበትን ባንዲራ ይከለክላል፤ በሌሎች ከተሞች በጥምቀት ሰሞን ዓርማ የሌለውን ሦስት ቀለም የያዙ ወጣቶች ከፖሊስ ጋር ሲጋጩ ታይቷል። ጨርቁ ያው ሆኖ፣ በአንዱ ደጅ ሃይማኖት፣ በሌላው ፖለቲካ፣ በሦስተኛው ወንጀል ይሆናል። በቦታው የቆመው ፖሊስ የሃይማኖት ምሁር እንዲሆን መጠበቅ ግፍ ነው።

አሁን ያሉት ሕጎች ይህን የተራ ክፍተት አይሞሉም። በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ለሰላማዊ ሰልፍ የ48 ሰዓት የጽሑፍ ማስታወቂያ ይጠይቃል፤ ርዕሱ ግን ሰልፍንና ፖለቲካዊ ስብሰባን እንጂ የበዓል አከባበርን አይጠራም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 398 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ2012 የወጡት አዋጆች 1207 እና 1208 ደግሞ ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ለወንጌላውያን ካውንስል የሕግ ሰውነት ሰጥተዋል። ማን እንደሚጠይቅ ታውቋል ማለት ነው። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ፣ መልሱ እምቢታ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን አይሁን የሚለው ግን በየከተማው በስልክና በትውውቅ ይፈጸማል።

የ1999ኙ ቆጠራ አዳማ 220,212 ሕዝብ እንደነበራት ይነግረናል፤ 64 ከመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ሩብ ያህሉ ሙስሊም፣ 11 ከመቶ ገደማው ፕሮቴስታንት። እንዲህ ያለች ከተማ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገድ ልታሳይ ትችላለች። አንድ ገጽ ደንብ ይበቃል። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ የሚወጣ የአደባባይና የሜዳ የቀን መቁጠሪያ ይኑር፤ ደመራ፣ ኢሬቻ፣ ጥምቀት፣ ሁለቱ ኢዶች፣ መውሊድ ቀናቸው ተቆጥሮ ይያዝላቸው፣ የጨረቃዎቹ በዓላት አንድ ቀን ወዲህና ወዲያ ይተውላቸው። ለቀሩት ቀናት የሚጠይቅ ሁሉ በአንድ ቅጽ ይጠይቅ። ባሕረ ጥምቀቱና የኢድ ሜዳው በከተማው ፕላን ላይ በቀለም ይለዩ፤ በቀረው ጊዜ ለልጆች ኳስ ክፍት ይሁኑ፣ ለግንባታ ግን አይሰጡ። ከተማው በራሱ ስም የሚሰቅለው ሰሌዳ ወይ ለሁሉም በዓል በአንድ መጠንና ያለ ፎቶግራፍ ይሁን፣ ወይ ጨርሶ ይቅር።

ለመሆኑ አንድ የማያምን ሰው በዚሁ ቅጽ ቢመጣስ? ጥያቄው በአዳማ ገና አልተነሣም፤ የቆጠራው ውጤትም ከ«ሌሎች» ውጪ ለእንዲህ ያለው ሰው ዓምድ የለውም። የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናትና ግን አንድ ቀን ይመጣል፤ ምናልባት «ያለ ሃይማኖት በጎ መሆን ይቻላል» የሚል ሰሌዳ ለሦስት ቀን ማቆም ይፈልግ ይሆናል። ብዙ ሰው ይቆጣል። አንቀጽ 27 ግን ርዕሱ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት ነው፤ አመለካከት የተባለው ለእሱም ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 492 በበኩሉ የሌላውን ሥርዓተ አምልኮ የሚያውክን፣ የተቀደሰ ስፍራን ወይም ንዋይን የሚያራክስን ይቀጣል፤ ለእሱም ለሁሉም ወሰን አለ ማለት ነው። እንግዲህ በማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ የደብሩን አስተዳዳሪና የመስጂዱን ኮሚቴ የጠየቀቻቸውን ትጠይቀው፤ የትኛው ቦታ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ ድምፅ ማጉያ አለ ወይስ የለም፣ ኃላፊነቱን የሚፈርመው ማን ነው፣ ሲያበቃ የሚያነሣውስ ማን ነው። ቀኑ ከተያዙት በዓላት ጋር የሚገጥም ከሆነ ሌላ ቀን ትስጠው፤ የማይገጥም ከሆነ ማኅተሙን ትምታለት።